ዜኖን (ኤች አይ ዲ) መብራት በከባድ መኪናና በሞተር ሳይክል ላይ ስለማስገጠም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሚሰራ ሰው ማታ ማታ ሚሰማው ነገር አንድ ነው፣ "መብራቱ አያሳየኝም ዜኖን ግጠምልኝ"። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ይጠይቃል፣ ወንጂ ሸንኮራ ሚጭነው ይጠይቃል፣ ሞተረኛው ይጠይቃል። ለሁሉም አንድ አንድ እያልን ከምንመልስ እዚህ ላይ ጻፍነው። ዜኖን ሻጭ ደስ ሚለው ጽሁፍ ላይሆን ይችላል ግን እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ዜኖን ከተራው አምፖል በምንድነው ሚለየው?

ተራው ማለትም ሃሎጅን ውስጡ ሽቦ አለው፣ ሽቦው ግሎ ነው ሚያበራው። ዜኖን ሽቦ የለውም። ትንሽዬ የኳርትዝ መስታወት ውስጥ ዜኖን ጋዝና የብረት ጨዎች አሉ፣ በሁለት ጫፍ መሃል አርክ ይነሳል፣ ብየዳ ላይ ያለው ዓይነት አርክ ማለት ነው። ያን አርክ ለማስነሳት 20 ሺ ቮልትና ከዛ በላይ ያስፈልጋል፣ ባላስት ሚባለው ትንሽ ሳጥን ስራው እሱ ነው፣ ከባትሪ የመጣውን ቮልት ከፍ አርጎ ያስነሳና ከተነሳ በኋላ በ35 ዋት ይዞ ያስኬደዋል። መኪና ላይ አዲስ ነገር አይደለም፣ ቢ ኤም ደብሊው 7 ሲሪየስ ላይ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው ከፋብሪካ የወጣው።

ብርሃኑ በቁጥር ሲታይ፣ ዲ 2 ኤስ ሚባለው የፋብሪካ ዜኖን 3200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፣ 55 ዋቱ ኤች 7 ሃሎጅን 1500፣ ከባድ መኪና ላይ ያለው ባለ 24 ቮልት ኤች 4 ደግሞ አጭሩ መብራት (ዝቅ ብሎ ቅርቡን ሚያበራው) 1200 ገደማ ነው። ስለዚ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ውሸት የለውም፣ ያውም በትንሽ ዋት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ታዲያ ይሄን ያህል ካበራ አምፖሉን ነቅሎ ዜኖን መሰካት ምን ችግር አለው?

የመብራቱ ቤት ለዛ አምፖል አልተሰራማ። የሃሎጅን ሪፍሌክተር (ያ ከኋላ ያለው እንደ መስታወት ሚያብለጨልጨው) ተለክቶ የተሰራው ሽቦዋ እዚች ቦታ ላይ ናት፣ ርዝመቷ ይሄን ያህል ነው ተብሎ ነው። ኤች 4 አምፖል አውጥተህ እየው፣ ውስጡ ሁለት ሽቦ አለ፣ የአጭሩ መብራት ሽቦ ስር ትንሽ የብረት ማንኪያ ነገር አለች። እሷ ናት ብርሃኑ ወደታች እንዳይመታና ከሪፍሌክተሩ ግማሽ ተመልሶ ወደላይ እንዳይተፋ ምታረገው። ዜኖን ስትሰካበት አርኩ በቅርጽም በቦታም ከሽቦዋ ይለያል፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ መንገድ ላይ መውደቅ የነበረበት ግማሹ ከፊትህ ሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ይወድቃል። የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው፣ መስታወቱ ጥሩ ነው ግን ላንተ አይደለም።

አሁን ሰው ሚሳሳተው ምንድነው፣ ገጥሞ ሲወጣ ከፓራውልቱ ፊት ያለው 15 እና 20 ሜትር አስፋልት ነጭ ሆኖ ያያል፣ "ኧረ ቀን ሆነ" ይላል። ግን ዓይንህ ለዛ ቅርብ ብርሃን ይለምድና ሩቁ ይበልጥ ይጨልምብሃል። ከወለንጪቲ አልፈህ ወደ መተሃራ ስትጠጋ ደሞ ሚያስፈልግህ ሩቁ ነው፣ ከብት አለ ግመል አለ። ግመል በተለይ እግሩ ቀጭን አካሉ ከመብራትህ በላይ ነው፣ አጭር መብራት ሚያገኘው እግሩን ብቻ ነው፣ ስትመታው እግሩ ይታጠፍና ገላው ቀጥታ መስታወትህ ላይ ነው ሚመጣው። ከፊት ያለው ሹፌርም ባንተ ዜኖን ሁለት ሶስት ሰከንድ ታውሮ ተሳቢ እየጎተተ ወዳንተ እየመጣ ነው እንግዲህ። እሱ ሳያይ አንተ ብታይ ምን ዋጋ አለው።

ስለዚ አትግጠም እያላችሁ ነው?

ሪፍሌክተር ውስጥ አትሰካ ነው ምንለው። ዜኖን ሚገጠመው ፕሮጀክተር ውስጥ ነው፣ ያ ከፊቱ ወፍራም ክብ ሌንስ ያለው፣ ውስጡ ብርሃኑን ከላይ ሚቆርጥ ብረት ያለው፣ ለዲ 2 ኤስ ወይም ለመሰሉ ታስቦ የተሰራ። እሱን የመብራቱ ቤት ውስጥ አስገብቶ አስተካክሎ መግጠም ይቻላል፣ ቤቱ ይከፈታል፣ ሙጫው በሙቀት ይለቀቃል፣ ፕሮጀክተሩ ይታሰራል፣ ተመልሶ ይታሸጋል። ስራው ከባድ ነው ጊዜም ይወስዳል፣ ግማሽ ሰዓት ጨርሼ እሰጥሃለሁ ሚልህ ሰው ፕሮጀክተር እየገጠመ አይደለም፣ አምፖል እየሰካ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃህ ደግሞ ቀጣዩን አንብብ፣ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው ሚያልቅለት።

ዜኖን ሳልገዛ የድሮው መብራቴ እንዲያበራ ማረግ ይቻላል?

እንዴ በደንብ ነው ሚቻለው! ወደኛ ከሚመጣው "ደካማ መብራት" ውስጥ ብዙው አምፖሉ አይደለም ጥፋቱ፣ ሽቦው ነው። የድሮ አይሱዙ ላይ የመብራቱ ሙሉ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ መሪው ስር ያለው ማብሪያ ድረስ ሄዶ ተመልሶ ነው ፊት ሚደርሰው፣ መንገድ ላይ ደሞ የዛገ ሶኬት፣ አንዱ ሰው በፕላስተር የጠቀለለው ቅጥያ፣ ቻሲስ ላይ የላላ ማሳ (የኔጋቲቭ ሽቦ)። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል።

ራስህ ለካው። ሞተሩን አስነሳ፣ መብራት አብራ፣ ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ አርገህ አንብብ፣ 24 ቮልት መኪና ላይ 27 ወይ 28 አካባቢ ይልሃል። ከዛ አምፖሉ ሶኬት ኋላ ላይ፣ አምፖሉ እየበራ፣ ለካ። 25 ካለህ 10 በመቶ ገደማ ጠፍቷል ማለት ነው፣ 10 በመቶ ቮልት ሲጠፋ ደሞ ሃሎጅን አምፖል ብርሃኑ 10 በመቶ አይደለም ሚቀንሰው፣ ወደ 30 በመቶ ነው። ሲሶው ብርሃን ሽቦ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ማያምን አለ፣ ቴስተሩን አስይዘን ራሱ ሲለካ ነው ዝም ሚለው።

መፍትሄው ሪሌ ነው፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን ሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ። ከባትሪ በፊውዝ አርገህ ወፍራም ሽቦ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር፣ ከ87 ወደ አምፖሉ፣ 85 እና 86 ላይ ደሞ አንዱን የድሮውን የመብራት ሽቦ አንዱን ማሳ። የድሮው ሽቦ አሁን ሪሌውን ብቻ ነው ሚቀሰቅሰው፣ ሸክሙን አይሸከምም። ለአጭር አንድ ለረጅም አንድ ሪሌ። 24 ቮልት መኪና ላይ 24 ቮልት ሪሌ መሆኑን እይ፣ የቤት መኪና ሪሌ አምጥተው ሰክተው ሚያቃጥሉ አሉ። ብዙ የጃፓን መኪና ላይ ደሞ ማብሪያው ሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው፣ ያን ሳታጣራ ሪሌ ካሰርክ ግራ ይገባሃል፣ በቴስተር አይተህ ጀምር።

ከዛ መስታወቱ። የላስቲክ ሌንስ ከሆነ የአዳማ ጸሀይና አቧራ ቢጫ አርጎታል፣ አሸዋ ወረቀት ከሻካራው ወደ ልስልሱ ውሀ እያረግክ ጠርገህ ፖሊሽ፣ ካልሆነ ለውጠው። የውስጥ ሪፍሌክተሩ ብሩ ከተላጠ ግን ምንም አምፖል አያድነውም፣ ቤቱ መለወጥ አለበት፣ ዜኖን ሰክተህም ያው ነው። በመጨረሻ ጥሩ ስም ያለው ሃሎጅን አምፖል፣ ያልተቀባ፣ ሰማያዊ ያልሆነ። ሰማያዊ የተቀባ ሃሎጅን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የኔ ሲኖ 24 ቮልት ነው፣ ኪቱ (አምፖልና ባላስት ባንድ ሚሸጠው) ግን 12 ነው ሚለው። ከሁለቱ ባትሪ ካንዱ ብስበውስ?

አይሆንም። በብዛት ሚሰራ ስህተት ነው ይሄ ደሞ ለጊዜው ስለሚሰራ ሰው ልክ ይመስለዋል። ሁለቱ ባትሪ በተከታታይ የታሰሩ ናቸው፣ ዲናሞው እኩል ነው ሚሞላቸው፣ አንተ ካንዱ ብቻ ስትስብ አንዱ እየጎደለ ይሄዳል ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል ይፈላል። ከወራት በኋላ ሚሌ ላይ ሌሊት ሞተሪኖው አልዞርም ሲል ያኔ ነው ሚገባህ። ሁለት ባትሪ ትገዛለህ፣ ጥንድ እንጂ አንድ ብቻ መቀየር ደሞ አይመከርም።

ለ24 ቮልት የተሰራ ባላስት ግዛ፣ ወይ እላዩ ላይ ከ9 እስከ 32 ቮልት ሚል። የ12ቱን ቀጥታ 24 ላይ ከሰካኸው አለቀ ደቀቀ፣ ባላስቱ እዛው ይሞታል።

ከጃፓን የወጣ ስልባጅ ፕሮጀክተር በርካሽ አገኘሁ፣ ልግዛው?

ቆይ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ አብርተህ እየው። ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሲያበራ ከላይ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር አለው፣ መስመሩ ባንድ በኩል ከፍ ይላል። ያ ከፍ ሚለው የመንገዱን ዳር፣ እግረኛውን፣ ምልክቱን እንዲያሳይህ ነው። እኛ በቀኝ ነው ምንነዳው ስለዚ ከፍ ማለት ያለበት በቀኝ በኩል ነው። ጃፓንና እንግሊዝ በግራ ስለሚነዱ የነሱ በግራ ከፍ ይላል፣ እሱን ከገጠምክ የመንገዱን ዳር ትተህ ከፊትህ ሚመጣውን ሹፌር ፊቱን ታበራዋለህ ማለት ነው። አንዳንድ ፕሮጀክተር ከጎኑ ሚገለበጥ ትንሽ ማንሻ አለው፣ ከሌለው ተወው፣ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ሙሉ የመብራት ቤት ስትገዛም ይሄው ነው፣ ሻጩ "ኦርጅናል ጃፓን" ብሎ ሲያሞግስልህ ጥያቄህ እሱ ይሁን።

ስንት ኬልቪን ልውሰድ? 6000 ነው 8000?

4300። የፋብሪካ መኪና ሚወጣበት እሱ ነው፣ ትንሽ ቢጫነት ያለው ነጭ፣ ብዙ ብርሃን ሚሰጠውም እሱ ነው። 5000 እሺ ይሁን። 6000 ላይ ወደ ሰማያዊ ይጀምራል፣ 8000 እና ከዛ በላይ ለሰርግ መኪና ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንገድ ላይ ሚወርደው ብርሃን ይቀንሳል። ሰው ኬልቪንን እንደ ጉልበት ያየዋል፣ ኬልቪን ቀለም ነው በቃ። ሰማያዊ ብርሃን ጉምና ዝናብ ላይ ይባስ ዓይንህን ይረብሻል፣ በክረምት አሰላን አልፎ ወደ በቆጂ ሚወጣ ሹፌር ያውቀዋል።

ረጅም መብራትስ? ፍላሽ ሳረግ ይዘገያል ይባላል

ልክ ነው። ጥሩ ዜኖን ከተነሳ በ4 ሰከንድ ውስጥ 80 በመቶ ብርሃኑን ይሰጣል፣ ርካሹ 10 ሰከንድና ከዛ በላይ ይንቀረፈፋል። መንገድ ላይ ደሞ ሹፌር በመብራት ነው ሚያወራው፣ ለመቅደም ቧ፣ ለማመስገን ቧ፣ "ትራፊክ አለ" ለማለት ቧ ቧ። ያን ሁሉ በዜኖን ካረግከው እያንዳንዱ ማስነሳት የአምፖሉን ዕድሜ ይበላል፣ ብርሃኑም ሳይደርስ ታጠፋዋለህ። ስለዚ ወይ ረጅሙን ሃሎጅን ተወው (ለብቻው አምፖል ካለው ቀላል ነው)፣ ወይ ባይ ዜኖን ሚባለውን ፕሮጀክተር ግጠም፣ እሱ አርኩን ሳያጠፋ ውስጡ ያለችውን መጋረጃ ብረት በማግኔት ዝቅ አርጎ ነው ረጅም ሚሆነው። ኤች 4 ላይ ሚሸጠው "ሃይ ሎ" ኪት አምፖሉን ወደፊት ወደኋላ ሚያንቀሳቅስ ነው፣ መንቀጥቀጥ ሲበዛ ማግኔቱ ይጣበቃል፣ ረጅም ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰደብ ታድራለህ።

ሞተር ሳይክል ላይ መግጠም ይቻላል?

ይሄ ላይ ትንሽ ረዘም አርገን እንመልስ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን ሚያቃጥለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ የሞተርህ የፊት መብራት ከባትሪ ነው ወይስ ቀጥታ ከሞተሩ ነው ሚለውን ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ቀጥታ ከስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ሚያመነጨው ጥቅልል ሽቦ) ነው ሚያገኘው፣ ያ ደሞ ኤሲ ነው፣ የቤት ኤሌክትሪክ ዓይነት ሚገለባበጥ። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ቁልፍ ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሳ መብራቱን አብራ። ካልበራና ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከበራ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ከደመቀ ስትለቀው ከፈዘዘ፣ ኤሲ ነው። ባላስት ሚፈልገው የባትሪ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ነው፣ ኤሲው ላይ ቀጥታ ከሰካኸው ይንቦገቦጋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይሞታል፣ ሻጩ ጋ ስትመለስ "አንተ ነህ ያቃጠልከው" ይልሃል፣ እውነቱን ነው።

ሁለተኛ ጉልበቱ ይበቃል ወይ። 35 ዋት ዜኖን ከባላስቱ ብክነት ጋር ሲሰራ ከ3 አምፒር በላይ ይስባል፣ ሲነሳ ደሞ ለጥቂት ሰከንድ ከዛ እጥፍና በላይ። የፊት መብራቱ ኤሲ የሆነ ትንሽ ሞተር ላይ ባትሪውን ሚሞላው መስመር ለፍሬቻ፣ ለክላክስና ለኋላ መብራት ታስቦ ነው የተሰራው፣ ያን ሁሉ ዋት አይችልም። 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ በዜኖን ብቻ አንድ ሰዓት ትንሽ ቢል ነው። ማታ ከአዳማ ሶደሬ ደርሰህ ስትመለስ መብራትህ ድርግም ሊል ይችላል ማለት ነው፣ ያውም ባዶ ሜዳ ላይ።

ሶስተኛ፣ የትንሽ ሞተር አምፖል ብዙ ጊዜ 35 ዋት ነው፣ ኤችኤስ 1 ሚባለው፣ ኤች 4 ይመስላል ግን ጥርሱ ይለያል። የኤች 4 ዜኖን አምጥተው ጥርሱን በፋይል ሞርደው ሚያስገቡ አሉ፣ ከዛ አምፖሉ በልኩ አይቀመጥም፣ ብርሃኑ ሰማይ ላይ ይወጣል።

ትልቅ ሞተር ከሆነ፣ መብራቱ ከባትሪ ከሆነ፣ ዲናሞው ጉልበት ካለው፣ ይሆናል፣ እሱም በትንሽ ፕሮጀክተር። ቀጥታ ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ፣ ለብቻው ማብሪያ አርገህበት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ብቻ አብራው፣ ስታስነሳ ስታርተሩና ባላስቱ ባንዴ ባትሪው ላይ ሲሻሙ ባላስቱ ይጎዳል። ባላስቱን ውሀ ማያገኘው ቦታ አርግ፣ የሽቦ መውጫው ወደታች ይዙር፣ ከፍሬሙ ጋር በጎማ አስረህ ንቅንቅታው እንዲቀንስ፣ መሪው ሲዞር ሽቦው እንዳይወጠርም ግራና ቀኝ ሙሉ አዙረህ እይ።

ባጃጅስ?

ተወው። ከተማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ በ30 ፍጥነት ምትሄድ ባጃጅ ዜኖን ለምኗ ነው? አምፖሉን ጥሩ አርግ መስታወቱን ጥረግ።

ሲገጠም ጥንቃቄው ምንድነው?

20 ሺ ቮልት ቀልድ አይደለም፣ መብራቱ እየበራ ወይ ማብሪያው ክፍት ሆኖ ሶኬቱን አትንካ። አጥፋ፣ የባትሪ ማሳ ፍታ፣ ከዛ ስራ። የአምፖሉን መስታወት በእጅህ አትንካው፣ የጣት ቅባት ሲግል ቦታው ላይ ያቃጥለዋል፣ ከነካኸው በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ጥረገው። ከባላስት ወደ አምፖል ሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ቆርጠህ አትቀጥል፣ አጭር ከሆነ ባላስቱን አቅርበው። ባላስቱን ሞተሩ አጠገብ ሙቀት ላይ ወይ ከፓራውልቱ ስር ጭቃ ሚረጭበት ቦታ አትሰር።

ርካሽ አምፖል ደሞ አልትራቫዮሌት ሚከለክል መስታወት ላይኖረው ይችላል፣ እሱ ሌንሱን ቢጫ ያረጋል ሪፍሌክተሩን ይልጣል። አምፖል ከተሰበረ ዲ 1 እና ዲ 2 ዓይነቶቹ ውስጥ ትንሽ ሜርኩሪ አለ (ዲ 3 እና ዲ 4 የላቸውም)፣ በር ከፍተህ አየር አስገባ፣ ስብርባሪውን በእጅህ አትሰብስብ።

ከገጠምኩ በኋላ መብራቱን እንዴት ላስተካክል?

ይሄን ማያረግ ሰው ነው መንገዱን ያበላሸው፣ ሃሎጅንም ቢሆን። ደልዳላ ቦታ፣ ፊትለፊት ግድግዳ፣ ከመብራቱ እስከ ግድግዳው 10 ሜትር። ጎማው ልክ ይነፋ። የመብራቱን መሃል ከመሬት በሜትር ለካና ያን ቁመት ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር። አጭሩን ስታበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከጠመኔው በታች መውደቅ አለበት፣ ለቤት መኪናና ለሞተር 10 ሴንቲ ገደማ፣ መብራቱ ከ1 ሜትር በላይ ለሆነ ከባድ መኪና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ።

ቁጥሩ ምን ማለት መሰለህ፣ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መብራት 10 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ዝቅ ካለ ብርሃኑ መሬት ሚነካው 50 ሜትር ላይ ነው። በ80 ከሄድክ በሰከንድ 22 ሜትር ነው ምትቆርጠው፣ ሁለት ሰከንድ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው ያለህ። በአጭር ስትነዳ ፍጥነት ቀንስ ሚባለው ለዚህ ነው።

አይሱዙ ላይ ደሞ ሸክም አለ። ባዶውን ያስተካከልከው መብራት 50 ኩንታል ከኋላ ስትጭንበት አፍንጫው ይነሳል፣ ያ ሁሉ ልክህ ገደል ገባ። ብዙ ጊዜ ጭነህ ምትነዳ ከሆነ ጭነህ አስተካክል። በአውሮፓ ደንብ ከ2000 ሉመን በላይ ሚያበራ መብራት መኪናው ሲጫን ራሱ ዝቅ ሚያረገው መሳሪያ እንዲኖረው የተባለው ለዚህ ነው፣ የገበያው ኪት ላይ እሱ የለም።

ትራፊክ ይይዘኛል? ቦሎስ?

ቦሎ ሲታደስ መብራት ይታያል፣ ዓይን ሚወጋ መብራት ይዘህ ሄደህ ተመለስ ብትባል አይግረምህ። መርማሪውን ሚያሳስበው ወዴት ነው ሚያበራው ሚለው ነው፣ በደንብ የተስተካከለ ፕሮጀክተር ይዞ ሚሄድና ሪፍሌክተር ውስጥ የሰካ እኩል አይታዩም። አሜሪካም አውሮፓም ሃሎጅን ቤት ውስጥ ዜኖን አምፖል መሰካት ለመንገድ አይፈቀድም፣ እዛ "ለሜዳ ብቻ" ብለው ጽፈው ነው ሚሸጡት። ካርቶኑን ገልብጠህ አንብብ፣ ያንተም ላይ ሊኖር ይችላል።

55 ዋት ኪት ይሻላል?

አይሻልም። ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል፣ ሚጨምረው ነገር ቢኖር የዓይን መውጋቱን ነው።

ኤልኢዲ አምፖል ልሰካስ? ከካቢናው በላይስ ፓውዛ ብጨምር?

ኤልኢዲ ቶሎ ይበራል ኤሌክትሪክም ትንሽ ነው ሚበላው፣ ግን ሃሎጅን ቤት ውስጥ ሲሰካ የቦታና የቅርጹ ጣጣ ያው ነው፣ ግድግዳ ላይ ሳታየው አትግዛ። ሙሉ ቤቱ ኤልኢዲ ሆኖ ለቀኝ መንገድ የተሰራ ካገኘህ ግን ከዜኖን ኪት እሱን እንመርጣለን።

ፓውዛ ለብቻው ማብሪያ ካለውና ሰው በሌለበት ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለረጅሙ ረዳት ይሆንሃል። ከፊት መብራት ሲመጣ ካላጠፋኸው ግን ስድቡ ይገባሃል። አቧራና ጉም ላይ ከጣሪያ ሚያበራ ፓውዛ ራስህን ነው ሚያሳውርህ ምክንያቱም ዓይንህ አጠገብ ነው ያለው፣ ለጉም ሚሆነው ዝቅ ብሎ ፓራውልት ላይ የታሰረ ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

ዛሬ የጻፍነው ነገ ስለማይሰራ አንጽፍም። ግን ስትጠይቅ የአምፖሉን ብቻ ሳይሆን የባላስት፣ የፕሮጀክተር፣ የሪሌ ሽቦና የእጅ ዋጋ ደምረህ ጠይቅ፣ ባላስቱ ቢሞት ይቀየርልኛል ወይ ብለህም ጠይቅ። ዝም ካለህ መልሱን አገኘህ።

ከገጠምኩ በኋላ ይንቦገቦጋል፣ ወይ አንዱ ሀምራዊ ሆነ፣ ወይ ሬድዮው ይንጫጫል

ሚንቦገቦግ ከሆነ ቮልት አንሶታል፣ ማሳውን አጥብቅ፣ ቀጥታ ከባትሪ በሪሌ አርገው። አንዱ ብቻ አልበራ ካለ አምፖሎቹን ግራና ቀኝ አቀያይር፣ ችግሩ ከአምፖሉ ጋር ከሄደ አምፖሉ ነው፣ እዛው ከቀረ ባላስቱ ነው፣ በዚህ ገንዘብህን ታድናለህ። ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይ ሀምራዊ ከሄደ አምፖሉ አርጅቷል፣ ሁለቱንም ባንዴ ቀይር ካልሆነ ግራና ቀኝህ ቀለሙ አይገጥምም። ሬድዮ ላይ ጩኸት ካለ የባላስቱ መከላከያ ደካማ ነው፣ ባላስቱንና ሽቦውን ከአንቴናው ገመድ አርቅ፣ የባላስቱን ቆርቆሮ ከቻሲስ ጋር በማሳ አስር፣ አሁንም ኤፍ ኤም ሚያንጫጫ ከሆነ ባላስቱን ቀይረው።